ጴጥሮስ ሳይሞት የተሠራው ጉልላት

በመጀመሪያ ጨርቁን ለብ ባለ ውኃ ይነክርና አጥብቆ ይጨምቀዋል። ጠብታ መቅረት የለበትም፤ ሥዕሉ የተሣለው አቡጀዲ ላይ ነው፣ አቡጀዲው ከግድግዳው የተጣበቀው በኮላ ነው፣ ኮላ ደግሞ ውኃ ከጠገበ ይለቃል። ጨርቁን በጉልላቱ ላይ ያሳርፍና በመዳፉ ተጭኖ እስከ መቶ ይቆጥራል። ቀለሙ ሲላላ ደቃቁን የብርጭቆ ወረቀት በሁለት ጣት ልክ አጥፎ፣ ከዳር ወደ መሀል፣ ክብ ክብ እያደረገ ያሻል። ወደ ጎን አይጎትትም። ከጎኑ የጴጥሮስ እግር አለ፤ ጴጥሮስ የተሰቀለው ቁልቁል ስለሆነ እግሩ ያለው ሰማዩ ጋ ነው። ብናኙን በደረቅ ብሩሽ ያራግፋል። ነጩን አንድ ጊዜ ይቀባል፣ ከመሰላሉ ወርዶ እስኪደርቅ ይጠብቃል፣ ወጥቶ ይደግማል። በመጨረሻ የሰማዩን ቀለም ይበጠብጣል፦ ቢጫ፣ ትንሽ ነጭ፣ በክብሪት ጫፍ የሚነሣ ቀይ። ከቀድሞው ሰማይ ጋር መግጠሙን የሚፈትነው በአውራ ጣቱ ጥፍር ላይ ቀብቶ፣ ጥፍሩን ከሥዕሉ አጠገብ በመያዝ ነው። አራት ጊዜ ጠረገው፤ በአምስተኛው ገጠመ።

ይርሳው እንዲህ አድርጎ በሁለት ቀን ተኩል ያጠፋው ጉልላት ሲሣል አምስት ቀን ወስዶበት ነበር። በዕድሜው ከሠራቸው ሁሉ የሚያምረው እሱ እንደነበር አይክድም። ይህን ሲናገር ግን ቀና ብሎ ሰው አያይም።

ዕድሜው ሃምሳ ሰባት ነው። ፍኖተ ሰላም፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለች ቆርቆሮ ቤት ውስጥ የወፍጮ ቤትና የፋርማሲ ታፔላ ይጽፋል፤ የቤተ ክርስቲያን ሥራ ሲመጣ በሩን ዘግቶ ይሄዳል። ሙያውን የተማረው ፈረስ ቤት በምትባል ከተማ፣ ከአጎቱ ዘንድ ነው። ስምንት ዓመት ቀለም ፈጭቷል፣ ጨርቅ ወጥሯል፣ የመላእክት ክንፍ ሞልቷል። ዓይን እንዲሥል የተፈቀደለት በዘጠነኛው ዓመት ነበር።

አጎቱ ሮሜን ሲሥሉ ጎንደርን ነበር የሚሥሉት። ጫፉ ጥርስ ያለው ግንብ፣ ሁለት ባንዲራ፣ በሩ ላይ ጋሻ የያዘ ዘበኛ። ክፉው ንጉሥ ኔሮን ደግሞ ዣንጥላ ተይዞለት እንደ አገር ገዥ አልጋ ላይ ይቀመጣል። ማንም ጥያቄ አንስቶ አያውቅም። ሮሜ ማለት ግንብ ያለበት፣ ሐዋርያት የታረዱበት አገር ነው፤ የቀረው ለሠዓሊው የተተወ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ፣ ከአስፋልቱ ግማሽ ሰዓት በእግር ገባ ብላ ያለችው የጥድ አምባ ጴጥሮስ ወጳውሎስ በአዲስ ተሠራች። አስተዳዳሪው መሪጌታ ገብረ ኢየሱስ፣ ቄስና የድሮ የቅኔ መምህር፣ ይርሳውን አስጠርተው የሐዋርያቱን የሰማዕትነት ሥዕል ለሐምሌ አምስት እንዲያደርስ ነገሩት። ሐምሌ አምስት ሁለቱ ሐዋርያት ያረፉበት የክብር በዓላቸው ነው። ግድግዳው ሦስት ሜትር ከሃያ በሁለት ሜትር ከአርባ ነበር። ይርሳው በሜትሩ ለክቶ ሲያበቃ አንድ ነገር በልቡ ወሰነ፦ ዘንድሮ ጎንደርን አልሥልም። ገበሬው ሁሉ ስልክ ይዟል፤ ሮም ምን እንደምትመስል ያያል፤ ነገ ይስቅብኛል። እውነተኛዋን እሥላለሁ።

እዚህ ላይ ደስታነሽ ትመጣለች። የጥድ አምባ ልጅ ናት፤ ሮም ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት አንዲት አሮጊት ስትጦር የኖረች። የይርሳው ሚስት ታንጉት ከደስታነሽ እናት ጋር አንድ የጽዋ ማኅበር ውስጥ ስለነበረች ቁጥሯን ከእናቷ ተቀብላ ሰጠችው። ይርሳው በቴሌግራም ሰላምታ ላከ። ደስታነሽ በሦስት ቀን ውስጥ አርባ ሦስት ፎቶ መለሰችለት፤ ከየፎቶው ሥርም በድምፅ እያስረዳች።

ይርሳው የሰማውን እስከ ዛሬ ያወራል። ከተማይቱ የፈረሰውን አታነሣም፤ ሁለት ሺህ ዓመት የወደቀ ዓምድ እንደወደቀ ተኝቷል፣ ድመት ይተኛበታል። የምድር ውስጥ ባቡር ሲቆፍሩ የጥንት ሰው መታጠቢያ ቤት ያገኛሉ፤ ባቡሩ ይቆማል እንጂ መታጠቢያው አይነካም። ዝግባቸው የተዘረጋ ዣንጥላ ይመስላል። መንገድ ዳር ያለው ቧንቧ ቀን ከሌት ይፈሳል፣ የሚዘጋው የለም። እሷም ሐሙስ ከሰዓት የዕረፍቷ ሰዓት ስለሆነ ባቡር ጣቢያው አካባቢ ካሉ የአገሯ ልጆች ጋር ትገናኛለች፤ እሑድ ጠዋት ቅዳሴ ለማግኘት ሁለት አውቶቡስ ትቀያይራለች። ይርሳው አገሩ ድሃ ነው እንዴ፣ ፍርስራሹን የሚጠርግ እንዴት ጠፋ ብሎ ቢጠይቃት፣ በድምፅ እየሳቀች እነሱ የሚበሉት ፍርስራሹን ነው አለችው።

ያኔ ለይርሳው ከተማዋ ሁለት ነበረች። አንደኛዋ ሮሜ ናት፣ በበዓሉ ቀን ሲነበብ የሚሰማት፣ ኔሮን ያለባት። ሁለተኛዋ ሮም ናት፣ ደስታነሽ የአሮጊቷን ጋሪ የምትገፋባት። ስሕተቱ የሁለቱን ዘመን አንድ ማድረጉ ነው።

ከፎቶዎቹ መካከል አንዲት ትልቅ ጉልላት ያላት ቤት ነበረች፤ ቀለሟ ዝናብ ያዘለ ደመና። ከሥሯ የደስታነሽ ድምፅ፣ "ይቺ የጴጥሮስ ናት፣ አያ ይርሳው" ይላል። የጴጥሮስ ናት። ይርሳው ይህን የሰማው የጴጥሮስ ከተማ፣ የጴጥሮስ መሞቻ ብሎ ነው። ወዲያው ሌላ ድምፅ ተከትሎ ገባ፤ ሃያ ሰባት ሰከንድ። ይርሳው መሰላል ላይ ነበር፣ ጣቱ ቀለም ነበር፣ የስልኩ ባትሪ ሊያልቅ ነበር። ደግሞም የሚፈልገውን አግኝቷል። ሳይከፍተው አለፈ።

ጉልላቷን ከጴጥሮስ እግር በስተቀኝ ሣላት፤ ጥላዋን፣ መስኮቶቿን፣ ጫፏ ላይ ያለችውን ወርቅ መስቀል ሳይቀር። መሪጌታ መጥተው አዩና፣ "እጅህ ተባረከ፤ ይህን ከየት አገኘኸው?" አሉት። ካየ ሰው ነው አላቸው።

ሐምሌ አምስት ዝናብ አልነበረም፤ ሕዝቡ ከማንኩሳም ከቡሬም መጣ። ከባሕር ዳር የተጋበዙ አንድ ሰባኪ ከቅዳሴ በኋላ ሥዕሉን ሊያዩ ገቡ። ብዙ ቆሙ። ከዚያ ወደ መሪጌታ ዞር ብለው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ እንዲህ አሉ፦

"ሠዓሊያችሁ ነቢይ ነው፣ የኔታ። ጴጥሮስ ገና ነፍሱ አልወጣች፣ መቃብሩ ላይ የሚሠራው ቤት ግን ጉልላቱ ሳይቀር አልቋል።"

ሳቅ ሆነ። ሰባኪው ግን ቀጠሉና አስረዱ። ያች ቤት ጴጥሮስ ከሞተ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ በመቃብሩ ላይ የተሠራች ናት፤ ዛሬ የካቶሊኮቹ የጳጳሳቸው ቤት ናት፤ እኛ ግድግዳ ላይ ምን ታደርጋለች? ሳቁ ቆመ። በጎጃም ሥዕል የተበላሸበት ሰው ይሳቅበታል፣ ሃይማኖት የተነካ ከመሰለ ግን አይሳቅም።

በሦስተኛው ቀን ሰበካ ጉባኤው ተሰበሰበ። ይርሳው ከጥጉ ላይ ተቀመጠ። ቀላሉ መንገድ ክፍት ነበር፦ አላወቅሁም፣ አጥፍቻለሁ፣ አስተካክላለሁ ማለት። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ግን ቀደሙና፣ የፈረስ ቤት ትምህርት እንዲህ ነው እንዴ፣ ዓይንህ ፈዘዘ መሰል፣ ታፔላ ጽሕፈት ይሻልህ ነበር አሉት። ሰው ፈገግ አለ። ለይርሳው የሙያ ስድብ ከጥፊ ይከፋል። መሪጌታ ማን አሣለህ ብለው ሲጠይቁት ተነሥቶ መለሰ፦

"ደስታነሽ ናት፣ ይህን አድርግ ብላ የላከችልኝ።"

የላከችልኝ ያለው እውነት ነው። ይህን አድርግ ብላ ያለው ግን የራሱ ነው። በሙያው መጋጠሚያ ማጥፋት የሚችል ሰው ነውና መገናኛው አላስታወቀም። መሪጌታ፣ "ድምጿ አለህ? ሰው በሌለበት አይፈረድም፤ እሑድ አምጥተህ አሰማን" አሉት። እሺ አለ።

ቤቱ ገብቶ ስልኩን ከፈተ። ያልተሰማው ድምፅ፣ አለመከፈቱን ከምታሳየው ሰማያዊ ነጥብ ጋር፣ እንዳለ አለ። ተጫነው። ደስታነሽ በመንገድ ላይ ነበረች፣ ከኋላዋ የመኪና ጩኸት ይሰማል፦

"አያ ይርሳው፣ የጴጥሮሷን ቤት ግን በሥዕሉ እንዳያስገቧት። እሷ ኋላ የመጣች ናት፣ መቃብሩ ከሥሯ ነው። የእሱን ዘመን ከፈለጉ አደባባዩ መሀል ያለውን ሐውልት ይሣሉት፤ ከግብፅ የመጣ ነው፣ ጴጥሮስ ሲሰቀል ያኔም ቆሞ ነበር ይላሉ። እንዳይስቁብዎ ብዬ ነው።"

እንዳይስቁብዎ ብዬ ነው። ይርሳው ሦስት ጊዜ ሰማው። እሑድ ይህን ማሰማት አለበት። ጣቱን በድምፁ ላይ አሳርፎ ያዘ። ስልኩ፣ ይጥፋ ወይ ብሎ ጠየቀው፤ ከሥሩም ትንሽ ሳጥን አለች፣ ለደስታነሽም ይጥፋ የምትል። እሷ ጋ ከቀረ አንድ ቀን ይወጣል። ሳጥኗን ነካት።

እሑድ፣ ስልኬ ተበላሽቶ ድምፁ ጠፋብኝ አለ። ጉባኤው ተጨማሪ አልጠየቀም። ሐምሌ ሳያልቅ ወሬው ማንኩሳ ገበያ ደርሶ ነበር። ካቶሊክ ሆነች ለማለት "ኮተለከች" አሏት። ደስታነሽ ኮተለከች፤ በእጅ አዙር የእነሱን ቤት እኛ መቅደስ አስገባች።

በመስከረም አሮጊቷ ሞቱና ደስታነሽ ጓዟን ይዛ ለሁልጊዜው ተመለሰች። እናቷ ደክመዋልና ጥድ አምባ አብራቸው ልትኖር ነበር ሐሳቧ። በመጣች በሳምንቷ ይርሳው ሱቅ ድረስ ሄደች። ቅጠልያ የፋርማሲ ታፔላ እየጻፈ ነበር። በትሕትና ሰላም ብላው፣ ስልኳን ከፍታ አሳየችው። ፎቶዎቹ ሁሉ አሉ፤ ያ ድምፅ የለም።

"አያ ይርሳው፣ አታስገቧት ብዬ አልላክሁልዎም ነበር?"

"እንጃ እኅቴ። እኔ አልደረሰኝም።"

ፎቶዎቹን እንደገና አንድ በአንድ አለፈቻቸው። ከዚያ ይቅርታ ጠየቀችው። ልኬ መስሎኝ ነበር፣ ረስቼ ይሆናል፣ ሳላስበው አሳሳትሁዎ፣ በሥራዎ ላይ ስም አመጣሁብዎ አለችው። እሱም ምንም አይደል አላት። ምንም አይደል! ብሩሹን መልሶ ቀለሙ ውስጥ ነከረና የፋርማሲውን "ፋ" ጨረሰ።

ኅዳር ሃያ አንድ የማርያም ማኅበር ተራ የደስታነሽ እናት ነበር። ደስታነሽ በእናቷ ፈንታ ደገሰች፤ ጠላ ጠመቀች፣ ድፎ ደፋች፣ ለአሥራ ሁለት ሰው መቀመጫ አሰናዳች። ከመሪጌታ በቀር የመጣ የለም። ብቻቸውን ቆመው ዳቦውን ባረኩ፣ ቆርሰው ለእናትና ለልጅ ሰጡ፣ ወጡ።

ያን ቀን ታንጉት ቤቷ ዋለች። ይርሳው ለምሳ ሲገባ ነጭ ሽንኩርት እየላጠች አገኛት። ማኅበር አይደለም ወይ ብሎ ጠየቃት። እሷ ቀና ሳትል መለሰች፦ "የኮተለከች ሴት እጅ ጽዋ ልጠጣ? አንተ አይደለህ የነገርከን?"

ምሳ ቀረበ። ይርሳው ሁለት ጉርሻ በልቶ እጁን ታጠበ። ከዚያ ለታንጉት ነገራት፤ ሰማያዊዋን ነጥብ፣ ሳጥኗን፣ ሁሉንም። ታንጉት ሽንኩርቱን አስቀምጣ ለብዙ ጊዜ ዓይኗን ጣቶቹ ላይ አሳረፈች። በመጨረሻ፣ "እኔ ደግሞ ይኼ እጅ መላእክት ይሥላል እያልሁ ለሰው ስኮራ" አለችና ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ወደ ደስታነሽ ቤት ነበር የሄደችው፤ በሩ ላይ ስትደርስ ግን ምን ብላ እንደምትገባ ጠፋባትና ተመለሰች።

ይርሳው ለመወሰን ከወር በላይ ፈጀበት። ወር ሙሉ ሥራ አልተወም፤ ታፔላ ይጽፋል፣ እንጀራ ይበላል፣ ይተኛል። በማንኛችንም ቤት እንደሚሆነው። ጥር መባቻ ላይ መሪጌታ ዘንድ ሄዶ ንስሐ ልግባ አላቸው። ታሪኩን እስከ መጨረሻ ሰሙት። 

"ለኃጢአትህ ንስሐውን እኔ እሰጥሃለሁ" አሉት፤ "ጾሙን ትጾማለህ፣ ስግደቱን ትሰግዳለህ። ስሟን ግን በጉባኤ ነው ያወጣኸው። በጉባኤ የወጣ በጆሮ አይመለስም።"

"የኔታ፣ በሰው ፊት ምን ብዬ እቆማለሁ?"

"እንደ ሥራህ አድርገው። መጀመሪያ ጨርቁን ወጥር፣ ከዚያ ሣል። መጀመሪያ ስምህን ተናገር፣ ከዚያ ያደረግኸውን።"

ጥር ሃያ አንድ፣ የአስተርእዮ ማርያም ዕለት፣ ሕዝብ በሞላበት ቆሞ ተናገረ። ስሙን ተናገረ። ያልከፈተውን ድምፅ ተናገረ። ያጠፋውን ተናገረ፤ ለእሷም ይጥፋ የምትለውን ሳጥን ሲያብራራ የስልክ ነገር የማይገባቸው ሽማግሌዎች ምን አለ ምን አለ እያሉ ጎረቤታቸውን ይጠይቁ ነበር፤ ስለዚህ ሁለት ጊዜ መናገር ግድ ሆነበት። ከሴቶቹ አንዳንዶቹ አለቀሱ። አንድ ሰው ግን ከኋላ፣ እንግዲህ ደስታነሽ በምን አለስልሳው ይሆን አለ፤ አንዳንዱም ሳቀ። ታንጉት ከሴቶቹ መካከል ነበረች። አንገቷን እንደደፋች ቆይታ ማንንም ሳታናግር ወደ ቤቷ ሄደች።

ደስታነሽ አልነበረችም። በታኅሣሥ እናቷን ይዛ ቡሬ ገብታ ነበር። ይርሳው በማግሥቱ በሚኒባስ ተሳፍሮ ሄደ። ፋብሪካዎቹ ካሉበት አካባቢ፣ ለቀን ሠራተኞች ምሳ የሚሸጥበት ቤት ውስጥ ወጥ ስታወጣ አገኛት። ቁጭ በሉ አለችው። ቁጭ አልልም አላት፤ ቆሞ ነገራት። ጭልፋዋን እንደያዘች ሰማችው። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም።

"በስሕተቱ አልቀየምዎትም፣ አያ ይርሳው። ውሸቱም ቢሆን፣ ሰው ሲፈራ ይዋሻል። ያ ድምፅ ሲጠፋብኝ ግን አእምሮዬ የጠፋ መስሎኝ ነበር። ስጦራቸው የኖርሁት እሜቴ እንዲያ ነው የጀመራቸው፤ ልኬ ነበር፣ ብዬ ነበር እያሉ። በመጨረሻ ስሜንም ረሱት። እኔም ተራዬ ደረሰ ብዬ፣ አራት ወር ሙሉ በየጠዋቱ የእናቴን ስም፣ የታቦቱን ስም፣ የቀኑን ስም እየጠራሁ ራሴን ስፈትን ነበር።"

ከዚያ በሩ ድረስ ሸኘችው። እንግዳ ነውና። ጥድ አምባ ትመለሻለሽ ወይ ብሎ ሲጠይቃት፣ እናቴ ያባቷ አጥንት ካለበት ካልሄድሁ ትላለች፣ እኔ ግን ያ ኮተለከች የሚሉት ቃል በሰው አፍ እስካለ ድረስ እግሬ አይሄድልኝም አለችው። ገብታ ወጡን ማውጣት ቀጠለች።

ይርሳው ከቡሬ ሲመለስ ነው የብርጭቆ ወረቀቱን ገዝቶ፣ እስከዚያ በመጋረጃ ተሸፍና የቆየችውን ጉልላት የፋቀው። በቦታዋ ደስታነሽ ያለችውን ሐውልት አቆመ፤ ሾጣጣ፣ ጽሕፈት የሌለው፣ የጤፍ አገዳ ቀለም። ሰዉ አይቶ፣ ይኼማ የአክሱሙ ነው፣ ጣሊያን ወደ ሮም ወስዶት የነበረው አለ። ይርሳው የግብፅ ነው ብሎ ማስረዳት ጀመረና ተወው። ማኅበርተኞቹ ኋላ ቡሬ ድረስ መልእክት ላኩ፤ ታንጉት ራሷ ሁለት ጊዜ ሄዳለች። ደስታነሽ በደንብ አድርጋ ትቀበላታለች፣ ታስተናግዳታለች። ስለ መመለስ ሲነሣ ግን ወሬ ትቀይራለች።

ምክንያቷም አልጠፋም። ውሸቱ ከጥድ አምባ ማንኩሳ የደረሰው በሁለት ሳምንት ነው። እውነቱ ግን እስከ ዛሬ አስፋልቱን አልተሻገረም። ባለፈው ወር እንኳ ይርሳው ከፍኖተ ሰላም በተሳፈረበት ሚኒባስ ውስጥ አንድ የማያውቀው ሰው፣ ሮም የነበረች አንዲት ሴት የካቶሊክ ቤት በመቅደስ አሣለች ብሎ ለጎረቤቱ ሲያወራ ሰማ። ይርሳው ወደ ኋላ ወንበር ዞር ብሎ፣ ያ ሠዓሊ እኔ ነኝ፣ የዋሸሁትም እኔ ነኝ አለው። ሰውየው የሚቀልድ መስሎት ሳቀ።

ስለዚህ ይህ ጽሑፍ እንዲጻፍ የፈቀደው ስሙ ሳይቀየር እንዲጠራ ነው። ለሚያነብበው ሰው ይድረስልኝ ያለው ይህን ነው፦

"ማንም ሁኑ፣ በማንኩሳ ገበያም በሉት በቡሬ መናኸሪያ፣ 'ደስታነሽ እኮ' ብሎ የሚጀምር ሰው ከገጠማችሁ እስኪጨርስ አትጠብቁት። ጉልላቷን ያስገባት ይርሳው ነው፣ ድምፁን ያጠፋው ይርሳው ነው በሉት። እኔ ልናገር ስል ሰው ይስቃል፤ እናንተ ንገሩልኝ።"